ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት፦ የስማርትፎን መጠባበቂያ ቅጂና የሪከቨሪ ሶፍትዌር አጭር ታሪክ

መግቢያ

በሕንፃ ሥራ ላይ የተሰማራ ማንኛውም ባለሙያ እንደሚያውቀው፣ ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ በውስጡ ያለውን ብረት ደግሞ ማየት አይቻልም። ስለዚህም ተቆጣጣሪው መሐንዲስ ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት የብረቱን ውፍረት፣ ርቀትና አስተሳሰር ይመረምራል፤ ይመዘግባል፤ ዛሬ ዛሬም ፎቶግራፍ ያነሣል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የመሠረት ሥራ ላይ ሳለ የሦስት ሳምንት እንዲህ ያለ ማስረጃ በእጅ ስልኩ ውስጥ አስቀምጦ ነበር። አንድ ቀን ማለዳ ስልኩ ሲበራ የአምራቹን ዓርማ ብቻ እያሳየ ቀረ። ወደ ጥገና ሱቅ በተወሰደ ጊዜ ወጣቱ ባለሙያ «ባክአፕ ይዘሃል፣ ወንድሜ?» ሲል ጠየቀ። መልሱ «አልያዝሁም» የሚል ነበር። ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ስልኩ ፍላሽ ተደርጎ ተመለሰ፤ ፈጽሞ ደኅና ሆኖ፣ ግን ባዶውን። የመሠረቱ ብረት በዚያን ጊዜ ከኮንክሪት በታች ነበረ።

ጥፋቱ የጠጋኙ አልነበረም። ጥያቄውን በአግባቡ ጠይቋል፤ የተሰጠውንም ሥራ ፈጽሟል። ጥፋቱ መጠየቅ የነበረበትን ነገር አስቀድሞ ያልጠየቀው የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ነው። ይሁን እንጂ ያ ቀን አንድ ጥያቄ ትቶ አለፈ። ሰው በእጁ የያዘውንና ዋጋውን የከፈለበትን መሣሪያ በሙሉ ቀድቶ ለማስቀመጥ፣ ሲበላሽም እንደነበረ ለመመለስ ለምን እንዲህ ተቸገረ? መልሱ በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚያልቅ አይደለም፤ ታሪክ አለው። ይህም ታሪክ ከሞላ ጎደል ከአንድሮይድ ስልኮች ዕድሜ ጋር እኩል ነው። ይህ ጽሑፍ ያንን ታሪክ በአጭሩ ለመተረክና ለሙያችን የሚሆነውን ትምህርት ለማውጣት ይሞክራል። ዓመታቱ ሁሉ የተሰጡት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

፩. ሪከቨሪ ማለት ምን ማለት ነው?

ስማርትፎን በእጅ የሚያዝ ኮምፒዩተር እንደ መሆኑ መጠን፣ ቋሚ ማኅደረ ትውስታው በልዩ ልዩ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው። ባለሙያዎች እነዚህን ክፍሎች ፓርቲሽን ይሏቸዋል። አንደኛው ስልኩ ሲበራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነቃውን ቡትሎደር ይይዛል፤ ሁለተኛው ቡት የሚባለው የሥርዓቱን ከርነል ይይዛል፤ ሦስተኛው ሲስተም የሚባለው ከአምራቹ የመጣውን ሥርዓት ይይዛል፤ አራተኛው ዩዘርዳታ የሚባለው የባለቤቱን ፕሮግራሞች፣ መልእክቶችና ሰነዶች ይይዛል። ከእነዚህም ጎን ለጎን ሪከቨሪ የሚባል አንድ ትንሽ ክፍል ተቀምጧል።

ሪከቨሪ ራሱን የቻለ አነስተኛ ሥርዓት ነው። የራሱ ከርነል አለው፤ ለሥራው የሚበቁ ጥቂት ፕሮግራሞችም አሉት። ዋናው ሥርዓት ቢሞትም እርሱ ሊነሣ ይችላል። በአምራቾች አሳብ ተግባሩ በጣም የተወሰነ ነበር፤ ይኸውም አምራቹ በፊርማው ያረጋገጠውን የማሻሻያ ጥቅል መጫንና፣ ባለቤቱ ሲፈልግ የተጠቃሚውን ክፍል ጠርጎ ስልኩን ከፋብሪካ እንደ ወጣ ማድረግ ነው። መጠባበቂያ ቅጂ የመውሰድ ሥራ በዚህ ውስጥ አልነበረም። ስሙ ማዳን ቢሆንም፣ የሚያድነው ስልኩን እንጂ የባለቤቱን ንብረት አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ መሠረታዊ የምሕንድስና ነጥብ ማንሣት ይገባል። በሥራ ላይ ያለ ሥርዓት ራሱን በትክክል ሊቀዳ አይችልም። ፋይሎቹ ተከፍተዋል፤ የመረጃ ቋቶቹ በየቅጽበቱ ይለወጣሉ፤ ቅጂው የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት ስለሚለያዩም የመጀመሪያው ገጽና የመጨረሻው ገጽ አይስማሙም። ሰዎች እየገቡና እየወጡ ሳለ የቤቱን ነዋሪ ለመቁጠር እንደ መሞከር ነው። ስለዚህ ትክክለኛ ቅጂ ለመውሰድ ዋናው ሥርዓት ተኝቶ ሌላ ታዛቢ ከውጭ ሆኖ መቁጠር አለበት። ያን ታዛቢ ለመሆን ሪከቨሪ የሚስማማው በአቀማመጡ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ታሪክ በሙሉ፣ አምራቾች ለሁለት ሥራ ብቻ የገነቡትን ይህን ትንሽ ክፍል ሰዎች ለሦስተኛ ሥራ የተጠቀሙበት ታሪክ ነው።

፪. የ2008 በር

የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ ኤችቲሲ ድሪም ነው። በአሜሪካ ቲ-ሞባይል ጂ1 ተብሎ መስከረም 23 ቀን 2008 በኒው ዮርክ ከተማ ለሕዝብ ቀረበ፤ ጥቅምት 22 ቀንም መሸጥ ጀመረ። ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት በነበረው ቀን ጉግል የአንድሮይድን የምንጭ ኮድ ለማንኛውም ሰው ክፍት አደረገ። በዚህ የምንጭ ኮድ ውስጥ የሪከቨሪው ፕሮግራምም አብሮ ነበረ። ስለሆነም ማንኛውም ፕሮግራም አዋቂ አንብቦ ሊለውጠው ይችል ነበር። የተለወጠውን በስልኩ ላይ ለማስቀመጥ ግን ሩት የሚባለው የበላይ ሥልጣን ያስፈልግ ነበር፤ ያም ለገዢው አልተሰጠም።

በሩ የተከፈተው በስሕተት ነው። በኅዳር ወር 2008 መጀመሪያ ላይ ተጠቃሚዎች አንድ እንግዳ ነገር አስተዋሉ። በስልኩ የቁልፍ ሰሌዳ የሚጻፈው ፊደል ሁሉ፣ ለጓደኛ የተላከ መልእክት እንኳ ሳይቀር፣ በስውር ወደ አንድ የትእዛዝ መቀበያ ይሄድ ነበር፤ ያም መቀበያ በሩት ሥልጣን የሚሠራ ነበር። አንድ ተጠቃሚ በጨዋታ መካከል «ሪቡት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ቢጽፍ ስልኩ እውነትም ጠፍቶ ተነሣ። እንዲህ ያለ ስሕተት ለደኅንነት ባለሙያ አስደንጋጭ ነው፤ ጉግልም አር.ሲ.30 በተባለው ማሻሻያ ሳይዘገይ ዘጋው። ነገር ግን በቀዳሚው በአር.ሲ.29 ላይ የነበሩ ሰዎች በዚያ በር ገብተው የሪከቨሪውን ክፍል በራሳቸው ቅጂ ተክተው ነበር።

አዲሱ ሪከቨሪ ከአምራቹ የሚለየው በመጀመሪያ በአንድ ነገር ብቻ ነበር። በአምራቹ ምስጢራዊ ቁልፍ የተፈረመን ጥቅል ብቻ ከመቀበል ፈንታ፣ ከምንጭ ኮዱ ጋር ለሁሉም በተሰጠው የሙከራ ቁልፍ የተፈረመንም ይቀበል ነበር። ለውጡ በመጠኑ ትንሽ ነው፤ በትርጉሙ ግን ትልቅ ነው። በስልኩ ላይ ምን እንደሚጫን የመወሰን ሥልጣን ከአምራቹ እጅ ወደ ባለቤቱ እጅ ተሻገረ ማለት ነው። ጄሰስፍሬክ በሚል የብዕር ስም የታወቀ ፕሮግራም አዋቂ ያዘጋጃቸው የሥርዓት ጥቅሎች በዚህ መንገድ ተሠራጩ፤ ከዚያም በ2009 ሳይኖጅን በሚባለው ስም የሚታወቀው ስቲቭ ኮንዲክ ይህን ሥራ አስፋፍቶ ሳይኖጅንሞድ የተባለውን ሥርዓት መሠረተ።

፫. ናንድሮይድ፦ የመጀመሪያው ሙሉ ቅጂ

ሥልጣን ከኃላፊነት ጋር ይመጣል። የራሱን ሥርዓት የሚጭን ሰው ቢሳሳት የሚጠይቀው አምራች የለም፤ ዋስትናውም ያከትማል። ስለዚህ ከመጫን በፊት ያለውን ሁኔታ ቀድቶ ማስቀመጥ የመጀመሪያው ፍላጎት ሆነ። ከዚህ ፍላጎት የተወለደው ናንድሮይድ የሚባለው መሣሪያ ነው። ስሙ ከሁለት ቃላት የተገጣጠመ ነው፤ አንዱ ናንድ የሚባለው የማኅደረ ትውስታ ዓይነት ሲሆን ሌላው አንድሮይድ ነው።

ናንድሮይድ በመጀመሪያ ግዙፍ ፕሮግራም አልነበረም፤ ጥቂት ትእዛዞችን በተርታ የያዘ ጽሑፍ ነበር። የሚሠራውም ስልኩ በሪከቨሪ ተነሥቶ ዋናው ሥርዓት በተኛበት ጊዜ ነው። ቡትን የመሰሉ ትንንሽ ክፍሎችን እንዳሉ ቁርጥ በቁርጥ ይቀዳል፤ ያፍስ2 በተባለው የፋይል አደረጃጀት የተያዙትን ሲስተምንና ዩዘርዳታን ደግሞ ፋይል በፋይል ሰብስቦ እንደ አንድ ምስል ያስቀምጣል። የጂ1 ጠቅላላ ቋሚ ማኅደር 256 ሜጋባይት ብቻ ስለነበረ፣ ሙሉው ቅጂ በአንዲት የማስታወሻ ካርድ ላይ ያለ ችግር ይሰፍር ነበር። ይህ ለዘዴው መስፋፋት ዐቢይ ምክንያት ነው። ቅጂው የሚቀመጠው ሊወጣ በሚችል ካርድ ላይ ስለነበረም፣ ስልኩ ፈጽሞ ቢጠፋ እንኳ ቅጂው ሊተርፍ ይችል ነበር።

የናንድሮይድ አዘጋጆች አንድ ጥበብ የተሞላበት ነገር ጨመሩ። ይኸውም ለእያንዳንዱ የተቀዳ ምስል ኤም.ዲ.5 በተባለው የስሌት ዘዴ የማረጋገጫ ቁጥር አውጥተው ከቅጂው ጋር በአንድ ፋይል ማስቀመጣቸው ነው። መመለስ ሲፈለግ ሪከቨሪው መጀመሪያ ቁጥሩን ደግሞ ያሰላል፤ ካልተስማማ ሥራውን አቁሞ ያስጠነቅቃል። የተበላሸን ቅጂ በደኅና ሥርዓት ላይ ከመጻፍ ይልቅ ምንም አለማድረግ እንደሚሻል ተረድተዋል ማለት ነው። በኋላ እንደታየው፣ አንዳንድ ተጠቃሚዎች ለማስታወስ እንዲቀላቸው ሲሉ የቅጂውን ማኅደር ስም ቀይረው በቃላቱ መካከል ባዶ ቦታ ሲተዉ፣ ማረጋገጫው ፋይሎቹን ማግኘት ያቅተውና ቅጂው የተበላሸ ይመስል ነበር። ቅጂው ግን ደኅና ነበር። ከዚህ የምንረዳው፣ የመመለሻ መንገድ በጭንቅ ሰዓት የሚሠራበት በመሆኑ ትንሿ እንከን እንኳ ሰውን ተስፋ የምታስቆርጥ መሆኗን ነው።

ይህ ነገር በአገራችንም የራሱ ትርጉም ነበረው። የቀደሙት የአንድሮይድ ስልኮች የግእዝ ፊደል ቅርጽ በውስጣቸው ስላልነበራቸው የአማርኛ ጽሑፍ በባዶ ሳጥኖች ተርታ ይታይ ነበር። መድኃኒቱ የፊደሉን ፋይል ወደ ሲስተም ክፍል ማስገባት ነበር፤ ያ ደግሞ ሩት ይጠይቃል። የሥርዓቱን ፋይል የሚነካ ሰው ቢሳሳት ስልኩ ላይነሣ ይችላል። ስለዚህ አስተዋይ የሆነ ሰው በቋንቋው ለማንበብ ሲል በቅድሚያ ቅጂ ይወስድ ነበር። ምሕንድስና ያልተማሩ አያሌ ወጣቶች የፓርቲሽንን፣ የሩትንና የመጠባበቂያ ቅጂን ትርጉም የተማሩት በዚህ መንገድ ነው።

፬. ክሎክወርክሞድና ቲም ዊን

እስከ 2009 መጨረሻ ድረስ የዚህ ዘዴ ተጠቃሚዎች በአብዛኛው ትእዛዝ መጻፍ የማይከብዳቸው ሰዎች ነበሩ። ዘዴውን ወደ ሰፊው ሕዝብ ያወረደው ኩሺክ ዱታ የተባለ ፕሮግራም አዋቂ ነው። ክሎክወርክሞድ ብሎ የሰየመው ሪከቨሪ የጉግልን የምንጭ ኮድ መሠረት አድርጎ የተሠራ ሲሆን፣ ናንድሮይድን በምናሌ ውስጥ አካትቷል። ተጠቃሚው በድምፅ መጨመሪያና መቀነሻ ቁልፎች ወደ ላይና ወደ ታች እየሄደ፣ «ቅጂ ውሰድ» ወይም «መልስ» የሚለውን ይመርጣል። ሮም ማናጀር የተባለው አጃቢ ፕሮግራምም ለየስልኩ የሚስማማውን ሪከቨሪ ያለ ትእዛዝ ጽሕፈት የሚጭን ስለነበረ፣ ቀድሞ የአንድ ስልክ ጉዳይ የነበረው ነገር የብዙ ዓይነት ስልኮች ጉዳይ ሆነ።

በዚሁ ጊዜ ከሥር አንድ ለውጥ ተደረገ። በ2010 መጨረሻ ገበያ ላይ ከዋለው ከኔክሰስ ኤስ ጀምሮ ስልኮች ከያፍስ2 ወደ ኤክስት4 ወደሚባለው የፋይል አደረጃጀት ማለፍ ጀመሩ። ሪከቨሪዎቹም ቅጂውን ታር በተባለው መሣሪያ መጠቅለል ጀመሩ። ታር በ1979 ከወጣው ከሰባተኛው የዩኒክስ እትም ጋር የመጣ፣ በመጀመሪያ መረጃን በማግኔት ቴፕ ላይ ለማስቀመጥ የተሠራ ፕሮግራም ነው። ሠላሳ ዓመት ያለፈው የቴፕ መሣሪያ በሰው ኪስ ውስጥ ባለ ስልክ ላይ ያለ ችግር ማገልገሉ፣ በቀላልነት የተሠራ ነገር ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው ያሳያል።

በ2011 ሁለተኛው ታላቅ ሥራ ብቅ አለ፤ ቲም ዊን የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ቡድን ያዘጋጀው ሪከቨሪ ነው። በላቲን ፊደላቱ አጠራር ትዊርፕ እየተባለ ይጠራል። ብዙም ሳይቆይ በወጣው ሁለተኛ ትውልዱ የቁልፍ ምናሌውን ትቶ በጣት በሚነኩ ትልልቅ ሳጥኖች መሥራት ጀመረ። ተጠቃሚው የትኞቹ ክፍሎች እንዲቀዱ በምልክት ይመርጣል፤ ቅጂው እንዲታመቅ ያዛል፤ ከዚያም በማያ ገጹ ግርጌ ያለውን ምልክት በጣቱ ከግራ ወደ ቀኝ ይጎትታል። መነካት ብቻ ሳይሆን መጎተትን መጠየቁ በስሕተት የሚደረግን ጥፋት ለመከላከል ነው። የማስታወሻ ካርዶች የሚጠቀሙበት ፋት32 የተባለ አደረጃጀት ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል መያዝ ስለማይችልም፣ ትዊርፕ ትልቁን ቅጂ በልክ እየቆረጠ በተከታታይ ቁጥር ያስቀምጥ ነበር።

ክሎክወርክሞድ በበኩሉ በ2012 አዲስ አሳብ አቀረበ። ሁለት ቅጂዎች በአብዛኛው ተመሳሳይ ፋይሎችን ስለሚይዙ፣ አንድን ፋይል አንድ ጊዜ ብቻ በጋራ ማኅደር አስቀምጦ በየቅጂው ዝርዝሩን ብቻ መያዝ ነው። ቦታ ከመቆጠብ አንጻር አሳቡ ድንቅ ነበር። ነገር ግን ቅጂዎቹ ሁሉ በአንድ ማኅደር ላይ ስለተደገፉ፣ ያን ማኅደር «ቦታ ያዘብኝ» ብሎ የሰረዘ ሰው ቅጂዎቹን በሙሉ በአንድ ጊዜ ያጣል። አንድ ዓምድ ሁሉንም ፎቅ የተሸከመበት ሕንፃ ምን እንደሚመስል ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች ማስረዳት አያስፈልግም።

፭. ቅጂው የማይዘው ነገር

በዚህ ዘመን «ሙሉ ቅጂ» የሚለው አነጋገር የተለመደ ሆነ። አነጋገሩ ግን ሙሉ በሙሉ እውነት አልነበረም፤ ሁለት ምሳሌዎችን ማንሣት ይበቃል።

የመጀመሪያው የፎቶግራፍ ጉዳይ ነው። እንደ 2011ዱ ጋላክሲ ኔክሰስ ያሉ ስልኮች ለማስታወሻ ካርድ ቦታ የላቸውም፤ የባለቤቱ ፎቶግራፍና ሰነድ በዩዘርዳታ ክፍል ውስጥ «ሚዲያ» በሚባል ንዑስ ማኅደር ይቀመጣል። ሪከቨሪው የሚወስደው ቅጂም የሚቀመጠው ብዙውን ጊዜ በዚያው ማኅደር ነው። ቅጂ ራሱን ደግሞ ሊቀዳ ስለማይችል፣ ሪከቨሪዎቹ ያንን ንዑስ ማኅደር ከቅጂው ውጭ አደረጉት። ውሳኔው ከቴክኒክ አንጻር ትክክል ነው፤ ትዊርፕም ይህን ለተጠቃሚው ይናገራል። ሆኖም «ዳታ» የሚለውን ምልክት አድርጎ የተኛ ሰው ፎቶግራፉም አብሮ የተቀዳ መስሎት ይተኛል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ስለ ጉዳዩ ካነበበ በኋላ የተረዳው መራራ ነገርም ይህ ነው። በዚያች ስልክ ላይ ሪከቨሪ ጭኖ በየሳምንቱ ቅጂ ቢወስድ ኖሮ እንኳ፣ ፎቶግራፎቹን ለይቶ ወደ ሌላ ቦታ ካላስተላለፈ የመሠረቱን ብረት ማስረጃ አያድንም ነበር።

ሁለተኛው የስልኩ መለያ ቁጥር ጉዳይ ነው። እያንዳንዱ ስልክ በቴሌኮም መረብ ላይ የሚታወቅበት አይ.ኤም.ኢ.አይ የሚባል ባለ 15 አኃዝ ቁጥር አለው። በሳምሰንግ ስልኮች ይህ ቁጥርና ከሬዲዮው ጋር የተያያዙ መረጃዎች ኢ.ኤፍ.ኤስ በሚባል ትንሽ ክፍል ይጠበቃሉ። ክፍሉ በመጠኑ ጥቂት ሜጋባይት ነው፤ ከተበላሸ ግን ስልኩ ፎቶግራፍ ከማንሣትና ሙዚቃ ከማሰማት በቀር መደወል የማይችል ዕቃ ይሆናል። ከሌላ ስልክ ተወስዶ ሊተካም አይችልም፤ ለእያንዳንዱ ስልክ የተለየ ነውና። ትዊርፕ ይህን ክፍል ለመቅዳት ምርጫ ሰጠ፤ ሳይመርጡ ያለፉት ግን ብዙዎች ናቸው። በክብደቱ ትንሹ ክፍል በዋጋው ትልቁ መሆኑን ሰው የሚረዳው ካጣው በኋላ ነው።

፮. በሩ የሚዘጋበት ዘመን

እስካሁን የተነገረው በሩ ስለ ተከፈተበት ዘመን ነው። አሁን በሩን ወደ ዘጉት ምክንያቶች እንሻገር። እነዚህን ምክንያቶች የአምራቾች ክፋት ብቻ አድርጎ ማቅረብ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

በአንድ ወገን ሕጉና አንዳንድ አምራቾች ለባለቤቱ በር ከፍተው ነበር። ሐምሌ 26 ቀን 2010 የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ቤተ መጻሕፍት ባወጣው ደንብ፣ ባለቤቱ የራሱን ስልክ ገደብ ቢፈታ በቅጂ መብት ሕግ እንደ ጥፋት እንዳይቆጠርበት ፈቀደ። በዚያው ዓመት በጥር የወጣው ኔክሰስ ዋን በአንድ ትእዛዝ ቡትሎደሩ የሚከፈት ስልክ ነበር፤ ኤችቲሲም በ2011 ለደንበኞቹ ተመሳሳይ መንገድ አዘጋጀ። በሌላ ወገን ደግሞ ሳምሰንግ ከ2013 ጀምሮ ኖክስ በተባለው የደኅንነት ሥርዓቱ፣ ባዕድ ሶፍትዌር አንድ ጊዜ ከተጫነ ሊመለስ በማይችል ኤሌክትሮኒካዊ ፊውዝ ምልክት የሚያደርግ ዘዴ አስገባ። የኤሌክትሪክ ፊውዝ ሲቃጠል ይለወጣል፤ ይህ ግን አይለወጥም።

የነገሩ ቋጠሮ እንዲህ ነው። ሪከቨሪ ዋናውን ሥርዓት ሳያስነሣ የባለቤቱን መረጃ ሁሉ ማንበብ ከቻለ፣ ስልኩን የሰረቀ ሌባም ያንኑ ማድረግ ይችላል። ለባለቤቱ የተከፈተ በር ለሌባም የተከፈተ ነው። ስለዚህ አምራቾች ሁለት ነገር አደረጉ። አንደኛ፣ ቡትሎደሩ ሲከፈት የተጠቃሚው መረጃ በሙሉ እንዲጠረግ ወሰኑ። ሁለተኛ፣ መረጃውን በምስጢራዊ ቁልፍ መቆለፍ ጀመሩ። አንድሮይድ 6.0 በ2015 በቂ አቅም ባላቸው አዳዲስ ስልኮች ላይ መረጃን መቆለፍን ግዴታ አደረገ፤ በ2016 አንድሮይድ 7.0 እያንዳንዱን ፋይል ለየብቻ የመቆለፍን ዘዴ አመጣ፤ በ2019 ደግሞ አንድሮይድ 10 ይህንኑ ዘዴ ለአዳዲስ ስልኮች ሁሉ ግዴታ አደረገው። ቁልፉ የሚገኘው ከባለቤቱ የይለፍ ምልክትና በስልኩ ውስጥ ለብቻው ከተከለለ የደኅንነት ክፍል ነው። ስልኩ አንዴ ከተጠረገ ያ ቁልፍ ይጠፋል፤ አዲስ ቁልፍ ይወለዳል። ከዚያ በኋላ የቀድሞው ቅጂ ቢመለስ እንኳ የይለፍ ምልክቱ መረጃ ከአዲሱ ቁልፍ ጋር ላይስማማና ባለቤቱ በገዛ ስልኩ ደጃፍ ሊቀር ይችላል።

ከዚህ የተነሣ አንድ አስቸጋሪ ዙሪያ ጥምጥም ተፈጠረ። ቅጂ ለመውሰድ ባዕድ ሪከቨሪ ያስፈልጋል፤ ሪከቨሪውን ለመጫን ቡትሎደሩ መከፈት አለበት፤ ቡትሎደሩ ሲከፈት መረጃው ይጠረጋል። ስለዚህ ስልኩ ከታመመ በኋላ ሪከቨሪን መፈለግ ከንቱ ነው። ዘዴው የሚጠቅመው ስልኩን በገዛበት ቀን፣ ባዶ ሳለ በሩን ለከፈተ ሰው ብቻ ነው። አባቶች «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

የስልኩ አወቃቀርም ተለወጠ። በጥቅምት 2016 የወጣው የጉግል ፒክሰል ስልክ የሥርዓቱን ክፍሎች በሁለት ተመሳሳይ ጥንዶች አደራጀ። አንዱ ጥንድ ሲሠራ ማሻሻያው በሌላው ላይ ይጫናል፤ ካልተሳካ ስልኩ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ይህ የሚደነቅ ምሕንድስና ነው፤ ነገር ግን በዚህ አወቃቀር ለብቻው የቆመ የሪከቨሪ ክፍል ቀረ፤ ሪከቨሪው ከቡት ክፍል ጋር ተዋሐደ። አንድሮይድ 10 ደግሞ ሲስተምንና ተጓዳኞቹን «ሱፐር» በሚባል አንድ ትልቅ ክፍል ውስጥ መጠናቸው እንደ አስፈላጊነቱ እንዲለዋወጥ አደረገ። ለእያንዳንዱ የስልክ ዓይነት ሪከቨሪ የሚያዘጋጁት ሰዎች ደመወዝ የማይከፈላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸውና፣ እያንዳንዱ ለውጥ የወራት ሥራ ይጨምርባቸው ነበር። ሳይኖጅንሞድ በታኅሣሥ 2016 ተዘግቶ ላይንኤጅኦኤስ ተተካ፤ ክሎክወርክሞድም ከዚያ ቀደም ብሎ ከአገልግሎት ርቆ ነበር። ትዊርፕ ሥራውን ቀጥሏል፤ ነገር ግን ከእያንዳንዱ አዲስ እትም ኋላ መሮጥ ዕጣው ሆነ።

አምራቾቹ በምትኩ ምን ሰጡ? በ2011 አንድሮይድ 4.0 ስልክን ከኮምፒዩተር ጋር አገናኝቶ ያለ ሩት ቅጂ የመውሰጃ ትእዛዝ ይዞ መጥቶ ነበር፤ በ2021 አንድሮይድ 12 ለአዳዲስ ፕሮግራሞች ገደበው። በ2015 የመጣው ራስ ሰር መጠባበቂያ ደግሞ ለአንድ ፕሮግራም እስከ 25 ሜጋባይት መረጃ ወደ ጉግል ማከማቻ ይልካል፤ የፕሮግራሙ ሠሪ ካልፈቀደ ግን ምንም አይላክም። እነዚህ ለብዙው ሰው ጠቃሚ አገልግሎቶች መሆናቸው አይካድም። ነገር ግን ምን እንደሚቀዳ የሚወስነው ባለቤቱ ሳይሆን ሌላ ሰው ነው፤ ቅጂውም በባለቤቱ መሳቢያ ውስጥ አይደለም።

መደምደሚያ

ከ2008 እስከ ዛሬ ያለውን መንገድ ስንመለከት፣ ሁለት እውነተኛ መብቶች እርስ በርስ ሲጋፉ እናያለን። አንደኛው የባለቤቱ መብት ነው፤ የራሱን ንብረት ቀድቶ የማስቀመጥና እንደነበረ የመመለስ መብት። ሁለተኛውም የባለቤቱ መብት ነው፤ ስልኩ በሌላ እጅ ሲወድቅ ምስጢሩ እንዳይነበብ የመጠበቅ መብት። እንደ ቴሌብር ያሉ አገልግሎቶች ከ2021 ወዲህ በአገራችን ገንዘብን ከስልክ ጋር ባቆራኙበት ጊዜ ሁለተኛው መብት ቀላል አይደለም። የመጀመሪያዎቹ የሪከቨሪ አዘጋጆች አንደኛውን አከበሩ፤ ሁለተኛውን ግን ብዙም አላሰቡበትም። የዛሬዎቹ አምራቾች ሁለተኛውን አጠነከሩ፤ አንደኛውን ግን ቀነሱ። በዚህ ጸሐፊ እምነት ሁለቱ የግድ ተቃራኒዎች አይደሉም። ባለቤቱ የይለፍ ምልክቱን ሰጥቶ፣ ቅጂው እንደተቆለፈ በራሱ ማኅደር እንዲቀመጥለት የሚያደርግ መንገድ ከአምራቹ ቢሰጠው፣ ሌባም አይገባም፤ ባለቤቱም አይወጣም።

ያ እስኪሆን ድረስ ግን ታሪኩ ለእኛ ለባለሙያዎች ሦስት ነገር ያስተምራል። አንደኛ፣ ቅጂ ማለት የተወሰደ ሳይሆን ተመልሶ የታየ ነው፤ ያልተሞከረ ቅጂ ያልተፈተነ ኮንክሪት ነው። ሁለተኛ፣ ቅጂው ምን እንደማይዝ ማወቅ ምን እንደሚይዝ ከማወቅ እኩል ነው። ሦስተኛ፣ ቅጂና ዋናው በአንድ ዕቃ ላይ ከሆኑ ሁለት አይደሉም፤ አንድ ናቸው።

ያ የመሠረት ሥራ በመጨረሻ ተረክቧል። ማስረጃው ስለጠፋ ኮንክሪቱን ሳያፈርሱ ብረቱን በሚለይ መሣሪያ በየቦታው መለካት፣ በጥቂት ቦታዎችም ሽፋኑን ፍቆ ማየት ግድ ሆኖ ነበር፤ ሥራውም ለቀናት ተስተጓጉሏል። ብረቱ በቦታው ተገኘ። የጠፋው ግን ብረቱ ሳይሆን፣ ብረቱን አይቻለሁ ብሎ የፈረመው መሐንዲስ ቃሉን የሚደግፍበት ነገር ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህ ጸሐፊ በየማታው ፎቶግራፎቹን ከስልኩ ወደ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ያስተላልፋል፤ በየወሩም ከሁለቱ አንዱን ከፍቶ ያያል። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፤ የፈሰሰ ኮንክሪትም እንዲሁ።